የቤት ብድርን ቀድሞ ለመዝጋት የባለቤቴ የማታ ፈረቃ ተገቢ ነውን?

የሆጤዋ መምህርት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ደሴ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ባለቤቴ ኮምቦልቻ በሚገኝ ፋብሪካ የጥገና ባለሙያ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሆጤ አካባቢ ቤት ስንገዛ ከባንክ 1,200,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ብድር ወስደናል። ወርሃዊ ክፍያችን 17,624 ብር ሲሆን፣ ከደመወዛችን ሌላ የሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይ ይደግፈናል።

ባለቤቴ ዕዳ አይወድም። ካለፈው ወር ጀምሮ በየወሩ 5,000 ብር ጨምሮ ለመክፈል በሳምንት አምስት ቀን የማታ ፈረቃ ይዟል። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወጥቶ ቤት ሲደርስ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ጠዋት እነርሱ ለትምህርት ሲወጡ ደግሞ እርሱ እንቅልፍ ላይ ነው። የስድስት ዓመቷ ልጃችን አባቷን በእሑድ ብቻ የምታገኘው እንግዳ አድርጋ መቁጠር ጀምራለች። ሐይቅ ያሉት እናቱም ከሄድንላቸው ሁለት ወር አልፏል።

ከሁለት ወር በኋላ 200,000 ብር እቁብ ይደርሰናል። እርሱ ሙሉውን ለባንኩ እንስጥና ማታውንም ልቀጥል ይላል። ልፋቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ቤቱን ለማን ብለን ከዕዳ እንደምናስለቅቀው አንዳንድ ጊዜ ግራ ይገባኛል። ብድር ቀድማችሁ የዘጋችሁ ወይም አሠራሩን የምታውቁ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ እጠይቃለሁ።

ጡረተኛው የብድር ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ ባለቤትዎ ዕዳውን መፍራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስሌቱን ቁጭ ብለው ቢመለከቱት እርስዎም ይደነግጣሉ። በመጀመሪያው ወር ከከፈላችሁት 17,624 ብር ውስጥ 16,000ው ወለድ ነበር፤ ዋናውን ብድር የነካው 1,624 ብር ብቻ ነው። በሦስት ዓመት 634,464 ብር ከፍላችሁ ከዋናው የቀነሳችሁት ወደ 74,400 ብር ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬም 1,125,600 ብር አካባቢ ይቀርባችኋል። ማንም አላጭበረበራችሁም፤ ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ብድር ላይ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ ከሞላ ጎደል ለወለድ ይሄዳል። ስለዚህም በእነዚህ ዓመታት ከዋናው ላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ብር ኃይሉ ትልቅ ነው።

በየወሩ 5,000 ብር ብትጨምሩ የቀረው 12 ዓመት ወደ 6 ዓመት ከ10 ወር ይወርዳል። ማታ ሳይሠራ 200,000ው ብር ብቻ አንድ ጊዜ ከዋናው ላይ ቢቀነስስ? ወደ 7 ዓመት ከ7 ወር። ልዩነቱ ዘጠኝ ወር ነው፤ ይህን ለባለቤትዎ ያሳዩአቸው።

አጥብቄ የምነግርዎ ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡን ይዘው ከመሄድዎ በፊት የብድር ውሉን አውጥተው ያንብቡ። ቀድሞ ለሚከፍል ተበዳሪ ቅጣት የሚጥል ውል አለ፤ ቅጣት ካለ ስንት በመቶ እንደሆነና ከየትኛው ዓመት በኋላ እንደሚቀር ይዩ። ከዚያም «ይህ ገንዘብ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስልኝና ወርሃዊ ክፍያዬ ሳይለወጥ የብድሩ ዘመን እንዲያጥርልኝ» ብለው በጽሑፍ ያመልክቱ። ባንኩ ዘመኑን እንዳለ ትቶ ወርሃዊ ክፍያውን ወደ 14,490 ብር ዝቅ ቢያደርግላችሁ ለጊዜው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ዘመኑ ሲያጥር ከ700,000 ብር በላይ የሚተርፋችሁ፣ በዚህኛው መንገድ ወደ 250,000 ብር ብቻ ይሆናል። ሲጨርሱም አዲሱን የክፍያ ሰንጠረዥ ማኅተም አስደርገው ይቀበሉ።

የወልድያው አባት

ጋሼ በጽሑፍ ማመልከት ያሉትን እኔ ባለማወቄ ተጎድቼበታለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ ትርፍ ገንዘብ አስገብቼ፣ ከዋናው ተቀንሷል ብዬ ስጠይቅ፣ ገንዘቡ በሂሳቤ ተቀምጦ የሚቀጥሉት ወራት ክፍያ ከእርሱ እየተቆረጠ መሆኑን ነገሩኝ። ወለዱ ሳይነካ ዓመቱ አለፈ።

እኅቴ፣ ሙሉውን እቁብ ለባንክ በመስጠቱ ግን አልስማማም። በ2013 ክረምት የነበረኝን ጥሪት በሙሉ ከዋናው ላይ አስቀንሼ እፎይ ባልኩ ማግሥት፣ ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ደመወዝም ባንክም አልነበረም። ለባንክ የከፈሉትን ዋና ብድር ደግሞ ቸግሮኛል ብለው መልሰው አያወጡትም። ልጆቼን ያጎረሰው ጎረቤት ነው፤ የቤቱ ዕዳ ማነሱ በዚያ ሰዓት አንድ ቁና ጤፍ አልገዛልኝም። ስለዚህ ቢያንስ የሦስትና የአራት ወር ወጪ በእጃችሁ ወይም በቁጠባ ሂሳብ ሳይኖር ለብድሩ ትርፍ አትክፈሉ።

ስለ ማታ ሥራውም አንድ ነገር ልበል። እኔም ሠርቼዋለሁ። ዕዳው ቀነሰ፤ የበኩር ልጄ ግን ምሥጢሩን ለአጎቱ መንገር ለምዶ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ቁጥብ ነው።

የባቲው ነጋዴ

አብሽሪ እኅቴ፣ አላህ ያግዛችሁ። እኔ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር የመግዛት አቅም እንዴት እንደወረደ ሁላችንም በገበያ አይተነዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የምትከፍዪው 17,624 ብር ዛሬ ካለው በጣም ይቀልላል። ግቢያችሁ ቦታ ካለው በእቁቡ ሦስተኛ ሰርቪስ ሠርታችሁ ብታከራዩ፣ ኪራዩ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ብድሩን ራሱ ይከፍለዋል፤ ባለቤትሽም ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ይሆናል።

ገና ብድር ለመውሰድ ለምታስቡ ደግሞ፦ እኔ የገዛሁት ከወለድ አልባ ባንክ በሙራባሃ ነው። ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በተቆረጠ ዋጋ ሸጠልኝ፤ ዋጋው ከዚያ ወዲያ አይጨምርም። ነገር ግን ቀድሜ ብከፍል ዋጋው በራሱ አይቀንስልኝም፤ ቅናሹ በባንኩ በጎ ፈቃድ ነው። ይህን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ጡረተኛው የብድር ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

የነጋዴው ሐሳብ ክብደት አለው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ይታይ። አብዛኛው የቤት ብድር ውል ባንኩ የወለድ መጣኙን እንዲያሻሽል ስለሚፈቅድ ክፍያው 17,624 ብር ላይ ይቆማል ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሲሚንቶና ብረት በሚወደዱበት ጊዜ በ200,000 ብር የተጀመረ ክፍል መሐል ላይ እንዳይቆም እሰጋለሁ። የ16 በመቶ ዕዳን መቀነስ ግን ተከራይ ኖረም አልኖረም የተረጋገጠ ነው።

የወልድያውን አባት ምክር ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ቀድሞም ማንሳት ነበረብኝ። እንዲህ ብታደርጉስ፦ ከእቁቡ 100,000 ብር ለክፉ ቀን ይቀመጥ፣ 100,000ው ከዋናው ይቀነስ፣ ከዚያ በየወሩ 2,000 ብር ብቻ ጨምሩ። ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። እቁቡን ሳይነኩ ማታ እየሠሩ በየወሩ 5,000 ብር ብቻ ከመጨመር የሚዘገየው በስምንት ወር ነው።

የሆጤዋ መምህርት (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን አነበብኩለት። በስሌቱ ላይ ብዙ አልተናገረም፤ የወልድያው አባት ስለ በኩር ልጃቸው የጻፉት ላይ ሲደርስ ግን ስልኩን ተቀብሎኝ ራሱ ደግሞ አነበበው። ቀጥሎም ስምንት ወር ስንት እሑድ እንደሚሆን ጠየቀኝ።

ፈረቃውን ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ለማውረድ ለኃላፊው ሊያመለክት ተስማምተናል፤ 2,000 ብሩ ከዚያ ይወጣል። ውሉንም አውጥተን አይተነዋል፦ ቅጣቱ የሚነሳው ከአምስተኛው ዓመት በኋላ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ አለው፤ መጠኑ ግን በሌላ ሰነድ ይወሰናል ይላል። ስለዚህ እቁቡ ከመድረሱ በፊት ቅርንጫፉ ሄጄ ያንን ሰነድ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ግን አራታችንም ሐይቅ ነን።