የቤዝቦል ተጫዋቾችና የክለብ ባለቤቶች ሲጣሉ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

ጥያቄ፦ የኤምኤልቢ (የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ሜጀር ሊግ) ተጫዋቾችና የክለብ ባለቤቶች ውል ዲሴምበር 1/2026 ያልቃል። እንደ 2021ዱ ሎክአውት (ባለቤቶቹ በሩን ዘግተው ተጫዋቾቹን ከሥራ የሚያግዱበት) ቢመጣ ከማን ጋ ናችሁ?

ከቬጋስ፦ ከማንም ጋ አይደለሁም። ተጫዋቹ ሁዋን ሶቶ ከኒውዮርኩ ክለብ ከሜትስ ጋ ለ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል፣ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ እየነዳሁ ለሱ ልዘን እንዴ? እንደ አሜሪካን ፉትቦሉ የደሞዝ ጣሪያ (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከዚህ በላይ አይክፈል የሚል ገደብ) ያድርጉና ይገላገሉ።

ከሲያትል፦ ወንድሜ ሶቶን ብቻ አይተህ አትፍረድ። አዲስ የገባ ልጅ በ2026 ዝቅተኛው ደሞዝ 780 ሺ ዶላር ነው፣ ብዙ ብር ነው አልክድም፣ ግን ስድስት ዓመት ሜጀር ሊግ ሳይጫወት ወደፈለገው ክለብ መሄድ አይችልም፣ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ስንቱ ነው ክርኑ ወይ ትከሻው ተበላሽቶ የሚቀረው። ከታች ማይነር ሊግ (ወደ ሜጀር ሊግ የሚያሳድጉት ዝቅተኛ ሊጎች) ያሉት እስከ 2022 ድረስ የሚከራከርላቸው ማኅበር እንኳን አልነበራቸውም። ባለቤቶቹ በ80ዎቹ እርስ በርስ ተስማምተው የሌላውን ክለብ ተጫዋች አንወስድም ብለው ደሞዝ ሲያፍኑ ተይዘው በ1990 280 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። 2021 ላይም በሩን ዘግተው 99 ቀን የቆዩት እነሱ ናቸው፣ ተጫዋቾቹ ሥራ አላቆሙም።

ደሞ የሶቶን ደሞዝ እኔ አልከፍልም፣ ትኬት ካልገዛሁ አለቀ። ስታዲየሙን ግን ወደድኩም ጠላሁም እከፍላለሁ። እዚህ ኪንግ ካውንቲ በ1995 ሕዝቡ በጠባብ ልዩነትም ቢሆን ለስታዲየም የሚሆን ታክስ አንፈልግም ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ የስቴቱ ምክር ቤት ግን በሌላ በኩል ዞሮ ሬስቶራንትና ባር ላይ 0.5 ፐርሰንት ታክስ ጣለበት። ቤዝቦል አይቶ የማያውቅ ሰው ሀበሻ ቤት ገብቶ ክትፎ በበላ ቁጥር ለሲያትሉ ክለብ ለማሪነርስ ስታዲየም ከፍሏል ማለት ነው፣ ለዓመታት! ይሄ ነው የሚያበሽቀኝ።

ከዲሲ፦ ሁሉም ቦታ እንደዛ አይደለም እህቴ። ኔቪ ያርድ የሚባለውን የዲሲ ሰፈር ናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም 2008 ከመከፈቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ይናገር። ዛሬ አፓርታማው ሬስቶራንቱ ሞልቷል፣ ኡበር የምንነዳ ሰዎች ጨዋታ ያለበት ማታ ጥሩ እንሠራለን። ከተማው ከ600 ሚሊዮን በላይ አውጥቷል እሺ፣ ግን የስታዲየሙ ክፍያ በዓመት 5 ሚሊዮንና ከዛ በላይ የሚያስገባ ድርጅት ላይ ነው እንጂ ትንሽ ሱቅ ላይ አይደለም።

ከሲያትል፦ የመብራትና የጋዝ ታክሱስ? መኖሪያ ቤት ያልሆነ ሁሉ ቢሉ ላይ ለስታዲየሙ ተጨምሮበታል፣ ትንሿ ሱቅም መብራት ታበራለች። ሰፈሩ ማደጉን አልከራከርህም፣ ግን ሜትሮ ባቡር የነበረው ለዳውንታውን የቀረበ ቦታ ያለ ስታዲየምስ አያድግም ነበር?

ከኦክላንድ፦ እኔ ስለዚህ ነገር ሳወራ እናደዳለሁ። ኤይስ የሚባለው ክለባችን እዚህ 1968 መጥተው አራት ዋንጫ በልተው፣ ሕዝቡ ከልጅ ልጅ ሲደግፋቸው ኖሮ፣ ባለቤቱ ጆን ፊሸር 2024 መጨረሻ ላይ ጥሎ ሄደ። ያጸደቁለት የሌሎቹ ክለቦች ባለቤቶች ናቸው፣ ኖቬምበር 2023 አንድም ተቃዋሚ ሳይኖር። ተጫዋቾቹን የጠየቃቸው የለም። አሁን ሳክራሜንቶ የማይነር ሊግ ሜዳ ላይ ነው የሚጫወቱት። ቬጋስ ያለኸው ወንድሜ፣ እነሱ ቬጋስ ለሚገቡበት አዲስ ስታዲየም እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጡት ያንተ ስቴትና ካውንቲ ናቸው፣ ይሄን ታውቃለህ?

ከቬጋስ፦ አውቃለሁ፣ ግን አብዛኛው እዛው ስታዲየሙ ውስጥ ከሚሰበሰብ ታክስ ይመለሳል ነው የተባልነው።

ከኦክላንድ፦ ቱሪስቱ ስታዲየም ባይገባ ያንኑ ብር ሌላ ሾው ላይ ያወጣው ነበር፣ ታክሱም ለስቴቱ ይገባ ነበር። የኔቫዳ መምህራን ማኅበር ትምህርት ቤት ይቅደም ብሎ ሕዝቡ ድምፅ ይስጥበት ሲል ፍርድ ቤት አቤቱታው ጎዶሎ ነው ብሎ ዘጋበት። ሚዙሪ ጃክሰን ካውንቲ ግን ኤፕሪል 2024 ሕዝቡ ስለ ስታዲየም ታክስ ተጠይቆ እምቢ ብሏል፣ ስለተጠየቀ።

ከሲያትል፦ ለዚህ ነው ከተጫዋቾቹ ጋ የምቆመው። ኪሳራ ላይ ነን ጣሪያ ይደረግልን የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ሂሳባቸውን ይክፈቱ፣ አብዛኞቹ እኮ ለሕዝብ አያሳዩም። ጣሪያ ቢደረግ የተረፈው ብር ትኬት አያረክስም፣ ታክሳችንንም አይመልስም፣ እዛው ባለቤቱ ኪስ ይቀራል።

ከቬጋስ፦ በስታዲየሙ ብር ተስማምተናል፣ ለሕዝብ ድምፅ ሳይቀርብ መሰጠት አልነበረበትም። ጣሪያው ላይ ግን አላሳመናችሁኝም፣ ትንሹ የፒትስበርግ ክለብ ከሀብታሙ የሎስ አንጀለስ ክለብ ከዶጀርስ ጋ በምን አቅሙ ይወዳደር? እሱን መልሱልኝ።