«እችላለሁ» ስል «አልችልም» ይሰማቸዋል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ቨርጂኒያ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አያቅተኝም። የተቸገርኩት ንግግር ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ሰኞ መግባት እችል እንደሆነ በስልክ ጠየቀችኝ። «አይ ካን ካም ኦን መንዴይ» አልኳት። አልችልም ያልኩ መስሏት ፈረቃዬን ለሌላ ሰው ሰጠችው። በጣም ከፋኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራ ጆሮዬን ጥዬ ነው የምሰማው። እዚህ አገር «ካንት» ሲሉ መጨረሻ ያለችው «ት» ብዙ ጊዜ ጎልታ አትወጣም። እችላለሁ ለማለት «ከን» ብለው ቶሎ ያልፉና «ካም» እና «መን» ላይ ይጫናሉ። አልችልም ሲሉ ግን «ካንት» ራሱ ይጎላል። እኔ «ካን»ን ስለማጎላው ነው ለካ! «ቱ»፣ «ፎር»፣ «ኦቭ»ንም እንደዚያው አንድ በአንድ ሞልቼ እጠራለሁ። ደግሞ እነሱ ቃሉን የሚያሳንሱበት ድምፅ የኛ «ለ» እና «ከ» ላይ ካለው ብዙም አይርቅም። አፌ ያውቀዋል፤ ግን በሰዓቱ አይመጣልኝም።

ቤት ውስጥ ጠረጴዛ መታ መታ እያደረግሁ ሳነብ ይሳካልኛል። ሰው ፊት ስቀርብ ይጠፋል። ስቸኩል ደግሞ ዋናዎቹንም ቃላት እውጣቸዋለሁ።

በዚህ ያለፋችሁ እህት ወንድሞች፣ እንዴት ተለማመዳችሁ? ከተናጋሪው ጋር እኩል መናገር ይሻላል ወይስ ሰምቶ መድገም? በቀንስ ስንት ደቂቃ? ብቻዬን የለመድኩትን ወደ ስልክ ንግግር እንዴት ላምጣው?