የቱሉ ዲምቱ ክርክር፦ የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ለሜታል ሙዚቃ ይከፈት ወይ?

አወያይ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ጊታር እየተጫወተ የሚያዜም ሌላው ድራም የሚመታ፣ የአካባቢያችን የወጣት ማዕከል አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ኮንሰርት እንዲፈቀድላቸው ጠይቀዋል። የሚጫወቱት ብላክ ሜታልና ግራይንድኮር የሚባሉትን፣ ከሜታል ሙዚቃ ዘርፎች ሁሉ ፈጣንና ኃይለኛ የሆኑትን ነው። ባለፈው እሑድ በማዕከሉ ጥቂት ሥራዎቻቸውን አሰምተው ስለ ቀደምቶቻቸው ሲናገሩ የተነሣው ቅሬታ እስካሁን ስላልበረደ ክርክሩ በጽሑፍ እንዲቀጥል ተስማምተናል። ጥያቄው በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ አዳራሽ ለእንዲህ ያለ ሙዚቃ መከፈት ይገባዋል ወይ የሚል ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ ጩኸቱን ሌሎች ያንሡት፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሙዚቃው ይዞት የመጣው ታሪክ ነው። ልጆቹ እሑድ ዕለት የኖርዌይን ባንዶች በፍቅር ሲጠቅሱ ሰምቻለሁ። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ሰኔ 1992 በርገን አጠገብ የነበረው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ ሌሎችም ተከታትለው ነደዱ። ከብላክ ሜታል ሙዚቀኞቹ አንዱ የሆነው ቫርግ ቪከርነስ ሌላ ሙዚቀኛ በመግደሉና አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠሉ እ.ኤ.አ. በ1994 የ21 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ይህን የምጠቅሰው ልጆቹን በወንጀል ለመጠርጠር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሲቃጠል በዓይኑ ያየ ሕዝብ ልጆቹን በሚልክበት አዳራሽ ውስጥ የዚያ ዘመን ሥራ እንደ ቅርስ መወደሱ ተገቢ ነው ብዬ ስለማላምን ነው።

ጊታሪስቱ፦ መምህር፣ የጠቀሱት ሁሉ የተፈጸመ ነው፤ እኛም ስለዚህ ሙዚቃ ስንናገር ሸሽገነው አናልፍም። ነገር ግን የሙዚቃው ታሪክ ከኖርዌይ አልጀመረም። ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ1968 በርሚንግሃም ውስጥ የተቋቋመ የፋብሪካ ሠፈር ልጆች ባንድ ነበር። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። እሱ ግራኝ ስለነበረ ክሩን የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። ጣቶቹ ላይ ራሱ የሠራውን የፕላስቲክ ቆብ አጥልቆ፣ ቀጫጭን ክሮች መርጦ፣ በኋላም ክሩን ይበልጥ አላልቶ መጫወት ቀጠለ፤ ዛሬ ሜታል የምንለው ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ አንዱ ምንጩ ይህ ጉዳት ነው። አቃቂ ፋብሪካዎች አጠገብ ላደግነው ለእኔና ለጓደኛዬ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይመስለንም።

ከኖርዌይ የወሰድነው የአሠራር መንገዱን ነው። ዳርክስሮን የተባለው ባንድ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡትን አልበም ሙዚቃ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን፣ በቤቱ፣ አራት ድምፆችን ለየብቻ በሚይዝ ባለ አራት ትራክ መቅጃ ቀድቶታል። ስቱዲዮ ለመከራየት አቅም ለሌለው ሰው የዚያ አልበም ሻካራ ድምፅ ትልቅ ትምህርት ነበር። ከሁሉ የበለጠ ያበረታን ግን ጎረቤታችን ናይሮቢ ናት። ዱማ የተባሉት ሁለት ኬንያውያን ግራይንድኮርን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሕደው የሠሩትን አልበም እ.ኤ.አ. በ2020 የካምፓላ አሳታሚ አወጣው፤ ከአህጉሩ ውጭም ተደመጠ። ለካ ጊታርና ላፕቶፕ ያላቸው ሁለት ሰዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥተው ማንንም ሳይመስሉ መሥራት ይችላሉ ያልነው እነሱን ሰምተን ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ ወንድሜ፣ ያነሣኸውን አልበም እኔም አጣርቻለሁ። ከስምንቱ ዘፈኖች የአራቱን ግጥም የጻፈው ያው የተፈረደበት ሰው ነው። አሠራሩን ወስጄ ቃሉን ትቻለሁ ማለት ለአንተ ይቻል ይሆናል፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን አንተን ወድዶ ያንን አልበም ፈልጎ ሲያገኝ የቱን ወስዶ የቱን እንደሚተው የሚነግረው ማን ነው?

ነርስ፣ የማዕከሉ ጎረቤት፦ እኔ ስለ ኖርዌይ የምለው የለኝም። ሌሊት ሠርቼ ስገባ ቅዳሜ የምተኛበት መኝታ ቤቴ መስኮት ከአዳራሹ ጋር ፊት ለፊት ነው። የሠርግና የምርቃት ሞንታርቦ ሲጮህ የከረመበት ሠፈር በመሆኑ እነዚህን ልጆች ለይቼ አልወቅስም። ሆኖም የሰዓቱ ነገር ሳይወሰን ስለ መፍቀድና መከልከል መነጋገር ለእኔ ትርጉም የለውም።

የድምፅ ባለሙያ፦ እህታችን ያነሣችው ነገር በልክ ሊመለስ የሚችል ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ። በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ መሠረት ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው ጣሪያ በድምፅ ኃይል መለኪያ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በኃይል የሚመታ ድራም አጠገቡ ላለ ሰው ከ100 ዴሲቤል ይበልጣል። ስለዚህ ሥራው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግድግዳው፣ ጣሪያውና ርቀቱ እንዲውጡት ማድረግ ነው።

ልጆቹ እስካሁን የሚለማመዱባትን ሰርቪስ ቤት ሄጄ አይቻታለሁ። ግድግዳዋ ከታች እስከ ላይ በእንቁላል ትሪ ተሸፍኗል፤ በሩ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ ተደግፏል፤ በበሩ ሥር ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የእንቁላል ትሪ በክፍሉ ውስጥ የሚንጫጫውን ቀጭን ድምፅ በጥቂቱ ያለዝብ እንደሆነ ነው እንጂ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ክብደትና ክፍተት አልባነት ነው። የትልቁ ከበሮና ዝቅ ተደርጎ የተቃኘ ጊታር ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከቀጭኑ ይልቅ ግድግዳን ዘልቆ ይሄዳል። አዳራሹ የብሎኬት ግድግዳ ስላለው ከሰርቪስ ቤቷ በብዙ ይሻላል፤ ድክመቱ ቆርቆሮ ጣሪያውና ነጠላ መስታወት መስኮቶቹ ናቸው። ድራሙን ከሕንፃዎቹ ራቅ ባለው ማዕዘን፣ በወፍራም ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ፣ በሕንፃዎቹ በኩል ያሉትን መስኮቶች በወፍራም ጣውላ መድፈን፣ አምፕሊፋየሮቹን ከወለሉ ማንሣት ያስፈልጋል። ከዚያ ልኬቱ መወሰድ ያለበት እህታችን መኝታ ቤት መስኮት ላይ ነው። ቁጥሩ ካለፈ ልምምዱ ይቁም፤ ካላለፈ በጩኸት ስም የሚቀርበው ተቃውሞ ይነሣ። ይህ መለኪያ ለሠርጉ ሞንታርቦም እኩል መሥራት አለበት።

የሙዚቃ መምህርት፦ እሑድ ዕለት ከሰማኋቸው አምስት ሥራዎች ሁለተኛው የአውሮፓውያኑ ግልባጭ ነው፤ ባይጫወቱት ይሻል ነበር። አራተኛው ግን በአንቺሆዬ የተሠራ ነው፤ እሱን ስሰማ ወንበሬን ወደ መድረኩ አስጠጋሁ። አንቺሆዬ ከአራቱ ቅኝቶቻችን በግማሽ እርከኖቹ፣ ማለትም በሁለት ድምፆች መካከል ባለው ትንሹ ርቀት፣ የታወቀ ነው፤ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው ግማሽ እርከን ብቻ ይርቃል፣ አራተኛው ደግሞ ስድስት ግማሽ እርከን። ይህ የስድስት ግማሽ እርከን ርቀት ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው የመክፈቻ ዘፈን ላይ የሜታልን ድባብ የፈጠሩበት ነው። እነሱ ፍርሃትን ለመቀስቀስ የተጠቀሙበትን ርቀት የእኛ ሰው በሠርግ ዘፈን ሲያዜመው ኖሯል። ሁለቱ ልጆች ይህን አግኝተውታል፤ የሚቀራቸው የድራሙ ጥድፊያ ቅኝቱን እንዳይውጠው ማድረግ ነው።

ስለ ሻካራ ድምፅም አንድ ነገር ልጨምር። የበገናን 10 አውታሮች በቅርብ ያየ ሰው በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ፣ በብርኩማው፣ መካከል የገባችውን ቁራጭ ቆዳ ያውቃታል። ደርዳሪው ቆዳዋን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ አውታሩ ሲመታ የሚነዝርበትን ነጥብ ይፈልጋል፤ የበገና ግርማ ያ ንዝረት ነው፤ ቆዳዋ ብትወጣ ድምፁ ጠርቶ ግርማውን ያጣል። ድምፅን ሆን ብሎ የማሻከር ጥበብ ስለዚህ ዲስቶርሽን ከሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ማሻከሪያ ጋር ወደ አገራችን አልመጣም። ፉከራና ቀረርቶም ጉሮሮን እስከ መጨረሻው የሚያስጨንቁ ናቸው። ከውጭ የመጣ ነው ለሚሉት ደግሞ፣ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ነው የተሰለፉት፤ ዛሬ ትራምፔትና ሳክስፎን የሌለበትን የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ማን ያስባል?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ እህቴ፣ በገናን እዚህ ማግባትሽን አልቀበልም። የበገና ንዝረት ሰውን ወደ ጸሎትና ወደ ተመስጦ እንዲያደርስ የተዘጋጀ ነው፤ የድምፁ መመሳሰል ዓላማውን አያመሳስለውም። የቅኝቱን ነገር ግን እኔ ከማውቀው በላይ ስለሆነ አልከራከርም። የማቀርበው አንድ ሐሳብ ነው፤ ግጥሞቻቸው ከኮንሰርቱ በፊት ለማዕከሉ ኮሚቴ ይቅረቡ፤ ኮሚቴውም አይቶ ይወስን።

የሕግ ባለሙያ፦ ይህን ሐሳብ ለመቀበል ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም። አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን ነፃነት ይደነግጋል፤ የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነትን ከፕሬስ ነፃነት ጋር አጣምሮ ያረጋግጣል፤ የቅድሚያ ምርመራንም በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ያው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይናገራል፤ ስለሆነም ለኮንሰርቱ የዕድሜ ገደብ ቢደረግ አግባብ ይሆናል። የአዳራሽ ኮሚቴ ግጥም እያነበበ የሚያሳልፍና የሚጥል ከሆነ ግን ነገ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የመዝሙር ዝግጅትም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊቀርብ ነው። አንቀጽ 41 መንግሥት ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ኃላፊነት እንዳለበት ሲደነግግ ዘርፍ አልመረጠም።

ድራመሩ፦ እስካሁን ዝም ያልሁት ጓደኛዬ ከእኔ ይልቅ መናገር ስለሚችል ነው፤ ስለ ግጥሙ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ መልሱም የእኔ ነው። ከጻፍኋቸው አንዱ ከእርሻ መሬታቸው ተነሥተው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከዳር ቆመው ስላዩ ሽማግሌ ነው፤ ሌላው ሌሊት ስለሚጠፋ መብራት፣ ሌላው ስለ ወንድሜ የስደት መንገድ ነው። በማንም እምነት ላይ የተጻፈ አንድ ስንኝ የለም። በኮንሰርቱ ዕለት ግጥሙን አትመን በበር ላይ ለሚገባው ሁሉ እንሰጣለን፤ መምህር ቀድመው ማንበብ ቢፈልጉ ቤታቸው ድረስ ይዤ እመጣለሁ፣ ያልወደዱትንም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ አይገባም የሚለውን እንቀበላለን። ለነርሷ እህታችን ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በፊት ድራም አይመታም፤ ልኬቱም እሷ ባለችበት ይወሰድ። ለኮሚቴ ፈቃድ ግን ግጥም አናቀርብም፤ አዳራሹ በዚህ ምክንያት ቢከለከለንም ወደ ሰርቪስ ቤታችን እንመለሳለን።