ስለ ስደት ሲነሳ ግሩፑ ለምን ይናደዳል? ሀዋሳ ያላችሁ አድሚኖች እስቲ ምከሩን

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ወደ 3 ሺህ አባል አለው። አብዛኛው እዚሁ ሀዋሳ ነው፤ ሌላው ደቡብ አፍሪካ፣ ሳዑዲ፣ ቤሩት፣ ጥቂቱ ደግሞ አሜሪካ። የሚሸጥ ዕቃ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የእድር ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰላም ነው። ስደት የተነሳ ቀን ግን ሰው ይቀየራል።

ጠቡ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ «በሞያሌ በኩል መሄድ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግማሹ «ደላላ ነህ» ይለዋል፣ ግማሹ «እናንተ ደርሳችሁ እኛን ትከለክላላችሁ» ይላል። ሁለተኛው ከዓረብ አገር በተመለሱ እህቶች ላይ የሚወርደው ስድብ ነው፤ እዚህ አልደግመውም። ሦስተኛው የቤት ኪራይ ነው፦ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ጀምሮ ኪራይ ያስወደዱት መጤዎች ናቸው የሚል ይመጣና ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል።

ጥያቄዬ፦ ቃላትን በቦት (መልእክት እያየ በራሱ በሚሰርዝ ፕሮግራም) ማገድ ይሠራል? የተሳደበን ማስወጣት ነው ወይስ ዝም ማሰኘት? የሞተ ሰው ፎቶና የገንዘብ ልመና ሲለጠፍስ? ሕጉ ምን ይላል? «ተከባበሩ» ብለን ከላይ ለጥፈናል፤ የሚያነበው የለም።

ታቦር 04

ከቦቱ ልጀምር፣ ብዙ አድሚን የሚሳሳተው እዚያ ነው።

ቦት ከፊደል በቀር የሚያየው ነገር የለም። «ሕገወጥ» የሚለውን ልታግጂ ብትይ ህ፣ ሕ፣ ኅ አሉ። ተያይዞ ይጻፋል፣ ተለያይቶ «ሕገ ወጥ» ይባላል፣ በሰረዝም ይመጣል። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፤ ይህ ለአንድ ቃል ነው። «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ከፊት፣ «ዎች» እና «ነት» ከኋላ ሲጨመሩ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈው ደግሞ ከነጭራሹ ያመልጣል። በላዩ ላይ ያጠፋሽው ቃል የዜና ቃል ነው፤ ፖሊስ ስለ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ያወጣው ማስጠንቀቂያ ሳይቀር ይሰረዛል።

«መጤ» የሚል ፊደል ያለበትን ሁሉ ሰርዝ ብለሽ ካዘዝሽው «ከመጤፍ አይቆጥረንም» ያለው ምስኪን አብሮ ይጠፋል። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ተናዶ ይመለሳል፣ አዲስ ጠብ ይጀመራል።

ስለዚህ በቦት የሚታገደው በየትኛውም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስድብ ከመሆን የማያልፈው ቃል ብቻ ይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ቃል ይበቃል። እንደ አነጋገሩ የሚለወጠውን ሰው ይየው።

ደግሞ የድምፅ መልእክት አለ። ጽሑፍ ቢጣራ ስድቡ በድምፅ ይመጣል፤ በአማርኛም በሲዳምኛም በወላይትኛም። በግሩፑ ፈቃዶች ውስጥ የድምፅ መልእክት ለብቻው ይዘጋል። ስደት የሚወራበት ሰዓት ዝጉት።

የፒያሳ ጀበና

ጋሽ ታቦር ስለ ቦት ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ትልቁ ምልክት ስድቡ አይመስለኝም፤ «እናንተ» የሚለው ቃል ነው። ሁለት ሰዎች «አንተ» «አንቺ» እየተባባሉ ሲከራከሩ የሁለት ሰው ክርክር ነው። አንዱ «እናንተ ዲያስፖራዎች» ወይም «እናንተ እዚህ የቀራችሁ» ያለ ደቂቃ ያልተጠሩ መቶ ሰዎች ይነሳሉ። አድሚኑ ስድብ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ እዚያው ላይ ይግባ፦ «ለማን ነው የምትመልሰው? መልእክቱን ጠቅሰህ ለእሱ ብቻ መልስ።» ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ምክር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ስም አወጣጥ። ሰውን ሳይሆን መንገዱን ወይም ድርጊቱን ጥሩ፦

«ሕገወጥ ስደተኛ» አይባልም፤ «መደበኛ ባልሆነ መንገድ የሄደ» ይባላል። ሕገወጥ የሚሆነው አካሄዱ ነው፤ ሰው ሕገወጥ አይሆንም።

«መጤ» ሳይሆን «ለሥራ የመጣ»። ሀዋሳ ውስጥ ይህን ቃል በዋዛ የሚሰማ ሰው የለም። ስለ ኪራይ መነጋገር የሚፈልግ ስለ ኪራይ ይጻፍ፦ የትኛው ሰፈር፣ ስንት ክፍል፣ አምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮ ስንት ሆነ። ቁጥር ሲመጣ ወሬው ወደ አከራይና ወደ ቤት እጥረት ይሄዳል።

«ደላላ ነህ» ማለት በወንጀል መክሰስ ነው። ማስረጃ ያለው ለአድሚን በውስጥ ይላክ፣ በአደባባይ አይለጥፍ።

«ስደተኛ» የሚለው ደግሞ ራሱ የጠብ ምንጭ ነው፤ በአማርኛ ሁለት ነገር ይሸፍናል። በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ስደተኛ ማለት አገሩ መኖር አስግቶት ከለላ ፈልጎ የመጣ ነው፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ መጥተው እኛ ጋ የተጠለሉት ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1969 እንደ ፈረንጆቹ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ትርጉሙን ያሰፋዋል፤ በወረራ ወይም የሕዝብን ሰላም ክፉኛ ባናጋ ሁኔታ የሸሸውንም ይጨምራል። ሥራ ፍለጋ ሪያድ የሄደች ልጅ በሕግ ቋንቋ ስደተኛ አይደለችም፤ በቤት ውስጥ ቋንቋ ግን ነች። አንዱ ስለ መጠለያ ጣቢያ፣ ሌላው ስለ እህቱ እያወራ ሁለት ሰዓት ይጣላሉ። አወያዩ መጀመሪያ ላይ «ዛሬ የምናወራው ለሥራ ስለሚሄዱት ነው» ብሎ ቢጽፍ ግማሹ ጭቅጭቅ አይነሳም።

መንገዶቹም እንደዚያው ይምታታሉ። በጅቡቲና በሶማሊያዋ ቦሳሶ ወደብ አድርጎ በየመን ወደ ሳዑዲ የሚያስገባው ምሥራቁ ነው። በሞያሌ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ደቡቡ ነው። በመተማ፣ በሱዳንና በሊቢያ ወደ ባሕሩ የሚያወጣው ሌላው ነው። አደጋው፣ ወጪው፣ የሚሄደው ሰው ይለያያል። «መንገዱ» ብቻ ብሎ የጻፈን «የትኛው?» በሉት።

ሐይቅ ዳር

«እናንተ» ያልከው እውነት ነው፤ ወደ ኋላ ሄጄ ያለፈውን ወር ጠብ ሳየው ሁሉም እዚያ ላይ ነው የተቀጣጠለው። ግን ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? አራት አድሚን ነን፣ ሁላችንም ሥራ አለን።

የፒያሳ ጀበና

አትጠብቁ፣ ሰዓት ስጡት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ርዕስ። በሌላው ጊዜ የተነሳውን «ለሐሙስ ይቆይ» ብላችሁ አሳልፉት።

በዚያ ሰዓት ዝግ ያለ አጻጻፍን አብሩ፤ አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ሳይጠብቅ ደግሞ እንዳይጽፍ የሚያደርገው ማለቴ ነው። ቴሌግራም ከሚሰጣችሁ ምርጫ 10 ሰከንድና 30 ሰከንድ ጥቅም የላቸውም፤ የተናደደ ሰው 30 ሰከንድ ይጠብቃል። 5 ደቂቃ አድርጉት። 1 ሰዓት ካደረጋችሁት ሰዉ ወደ ውስጥ መልእክት ይሄድና እዚያ ይሰዳደባል። አድሚን ግን በዚህ አይታሰርም፤ አወያዩ ራሱን ካልገታ «እነሱ እንደልባቸው ይጽፋሉ» ይባላል፣ ደግሞም እውነት ነው።

ሁለት ሰው በቂ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይሰርዛል። ጠያቂው የራሱን አስተያየት አይጽፍም። ሰራዡ ከማንም ጋር አይከራከርም።

ጥያቄውን ስታወጡ «መሄድ ይሻላል መቅረት?» አትበሉ። እሱ የሰው ሕይወት ላይ ፍርድ መጠየቅ ነው፤ የሄደውም የቀረውም ራሱን ይከላከላል። «ወደ ውጭ ለሥራ ስትሄድ ቪዛና ቲኬት የሚከፍለው ማነው?» በሉ። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያና ኢንሹራንስ የአሠሪው ናቸው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የመሳሰለው የሠራተኛው ነው። ይህ ሲነገር «እኔን እኮ ቲኬት አስከፍለውኛል» የሚል ሰው ይመጣል፤ ያኔ ወሬው ሰውን ጠቅሟል።

አንድ ነገር ከቤታችን ልጨምር። የሲዳማ ሽማግሎች ነገር ሲያዩ «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰምታችኋል ወይ እንደማለት ነው። ሳይሰማ ማንም አይፈርድም። በግሩፕ ላይ ሲተረጎም፦ ልትቃወመው ያለኸውን ሰው ሐሳብ በአንድ መስመር ድገምና ከዚያ ተቃወም። ግማሹ ሰው ሊደግመው ሲሞክር በደንብ እንዳላነበበው ያውቃል።

እድርተኛ

ስለ ፎቶውና ስለ ገንዘቡ ማንም አልመለሰም።

መርዶ አገራችን ውስጥ ወግ አለው። በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሚያውቁት ሰው አፍ ነው የሚነገረው። እናት የልጇን ሬሳ በረሃ ላይ ወድቆ በስልኳ ስታይ ግሩፑ ያደረሰው በደል በይቅርታ አይመለስም። ደንቡ አጭር ይሁን፦ ቤተሰቡ መስማቱን በእድሩ ወይም በቅርብ ዘመድ በኩል ሳናረጋግጥ ስምም ፎቶም አይወጣም። ከተረጋገጠም በኋላ የሬሳ ፎቶ በፍጹም አይለጠፍም፣ በሕይወት ሳለ የተነሳው ይበቃል። ጀልባ ሰጠመ የሚል ዜና በመጣበት ቀን ግሩፑን ቆልፉት፤ ፈቃዶች ውስጥ «መልእክት መላክ» የሚለውን ማጥፋት ነው። አንድ የታወቀ የዜና ምንጭ ለጥፉ፣ ከዚያ የሐዘን መግለጫ ብቻ ይፈቀድ። «ሳይቸግረው ሄዶ» የሚል አስተያየት የሚመጣው በዚያች የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ በቁስል እንጨት መስደድ የሚባለው እሱ ነው።

የታገተ ሰው እየተደበደበ የሚያሳይ ቪዲዮ ከመጣ አታሠራጩት። ቪዲዮው የተቀረጸው እንዲሠራጭ ነው፤ የበተነው ሁሉ ለአጋቹ ሠራለት። የላኩበትን ስልክ፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት አስቀምጡና ለቤተሰቡ ስጡ፣ ለፖሊስ ይዘው ይሂዱ።

የመዋጮ ጥሪ ከሆነ ሦስት ነገር ሳይሟላ አይለጠፍ፦ እዚሁ ከተማ በአካል የሚገኝ የቅርብ ዘመድ፣ የእድር ሰብሳቢ ወይም ቀበሌ የሚመሰክርለት፣ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚፈርምበት ሒሳብ። የገባውና የወጣው ደግሞ በየሳምንቱ ይጻፍ። «በላው» የሚለው ሐሜት ከስድቡ በላይ ግሩፕ ያፈርሳል።

ታቦር 04

ሕጉን በተመለከተ በአጭሩ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግር ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሆን ይከብዳል። የዜና ዘገባ፣ ትችትና ጥናት ግን አይነካም። ስለዚህ «መንግሥት ለተመላሾች ምንም አላደረገም» ያለውን በዚህ አዋጅ አታስፈራሩት። አዋጅ እየጠቀሰ ክርክር የሚዘጋ አድሚን ስድብ ከሚጽፈው እኩል ግሩፑን ይጎዳል።

ቅጣት በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ መልእክቱ ይሰረዝና በውስጥ ይጻፍለት፤ የትኛው መስመር፣ በየትኛው ደንብ። በአደባባይ የተገሰጸ ሰው ስህተቱን ትቶ ክብሩን ያስመልሳል። ሁለተኛ 24 ሰዓት መጻፍ መከልከል። ሦስተኛ 7 ቀን። አራተኛ መውጣት። ዛቻ፣ የሰው ቤት አድራሻ መለጠፍ፣ «ምቱአቸው» ማለት ደረጃ የለውም፣ ወዲያው ይውጣ።

ስትሰርዙ ስድቡን ብቻ አታንሱ። መልሶቹ ብቻቸውን ይቀሩና የተሰደበው ሰው ያለምክንያት የጮኸ ይመስላል። ሰንሰለቱን በሙሉ አንስታችሁ «ከዚህ 6 መልእክት በ2ኛው ደንብ መሠረት ተነስቷል» ብላችሁ ጻፉ። ከመሰረዛችሁ በፊት ስክሪን ሾት አንሱ፤ የቅርብ ድርጊቶች የሚለው መዝገብ የሚያሳየው የ48 ሰዓት ብቻ ነው። አቤቱታ የሚመጣው ግን በሦስተኛው ቀን ነው።

ሌሊቱን ደግሞ ተመልከቱት። ሀዋሳ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ምሽት 12 ወይም 1 ሰዓት ነው፤ ከሥራ የገባ ሰው ስልኩን ይከፍታል፣ እናንተ ተኝታችኋል። አሜሪካ ካሉት አንዱን አድሚን አድርጉ፣ አለበለዚያ ማታ ቆልፋችሁ ተኙ።

ሐይቅ ዳር

እግዜር ይስጥልኝ። «ተከባበሩ» የሚለውን አንስቼ ይህን ልለጥፍ ነው፣ እዩልኝ፦

«1. ስለ ስደት የምንወያየው ሐሙስ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። 2. ለአንድ ሰው መልስ፤ እናንተ አትበል። 3. ሰውን ሕገወጥ፣ መጤ፣ ደላላ ብለህ አትጥራ። 4. ቤተሰብ ያልሰማውን ሞት አትለጥፍ፤ የሬሳና የእገታ ቪዲዮ አይገባም። 5. መዋጮ በአድሚን በኩል ብቻ።»

የፒያሳ ጀበና

ጥሩ ነው፣ አጭር ነው። 1ኛውን ብቻ አስተካክዪው፤ ጆሃንስበርግ ያለ ልጅ «2 እስከ 4» ሲያይ ከቀትር በኋላ ይመስለውና ባዶ ግሩፕ ያገኛል። «በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 2፣ በደቡብ አፍሪካ 19:00፣ በሳዑዲ 20:00» ብለሽ ጻፊው። 2ኛውም ላይ «አትበል/አትበዪ» ይሁን፣ ግማሹ አባል እህቶች ናቸው።