አስቸኳይ፦ ልጄ ሊፈርም ሁለት ቀን ሲቀረው ስኮላርሺፑን ከለከሉት

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሰኞ ዲሴምበር 1 ቀን 2025፣ ማታ)
ወገኖቼ፣ ይህን ነገር የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ። ልጄ 12ኛ ክፍል ነው፤ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ከጁን ጀምሮ በስኮላርሺፕ ሊጫወትላቸው ለአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቃል ሰጥቶ ነበር። ረቡዕ ከኮሌጁ ጋር ለሚፈራረምበት ቀን ዘመድ ጠርተን እናቱ ድፎ ዳቦ ልትደፋ ስትዘጋጅ፣ ዛሬ ከሰዓት አንዱ አሰልጣኝ ደውሎ «ቦታው ሞልቷል፤ ከፈለግህ ያለ ስኮላርሺፕ ና» አለው። እንደሰማነው ለሌላ ኮሌጅ ቃል የገባ ባለ አራት ኮከብ ልጅ አስቀይረው በእሱ ቦታ ወስደዋል። የሃይስኩል ተጫዋች ደረጃ የሚሰጠው በኮከብ ነው፣ ትልቁ አምስት፤ የእኔ ልጅ ባለ ሦስት ኮከብ ነው። ኮከቡን በሁለት ቀን ወደ አራት የሚያስጨምር መንገድ አለ? አንድ ድርጅት 3,000 ዶላር ብትከፍል ቪዲዮውን ኮከብ ለሚሰጡት ሰዎች አደርሳለሁ ብሎኛል። ልክፈል ወይ? ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል፤ እራትም አልበላም።

የዳላስ ልጅ
አትክፈል! የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ጋ አሁን ደውል። ነገ ሳይሆን አሁን።

ጋሽ አሌክሳንድሪያ
ወንድሜ፣ አይዞህ። ግን እንደ ታላቅ ወንድም አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ በዚህ አገር ታክሲ ነድተን፣ ፓርኪንግ ጠብቀን ልጆቻችንን ያሳደግነው እንዲማሩ ነው። ኤንኤፍኤል (ትልቁ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) በየዓመቱ በድራፍት፣ ማለትም ቡድኖቹ በዙር በዙር አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የሚወስደው ከመላው አሜሪካ 260 ገደማ ልጅ ብቻ ነው። አንድ ጉልበት ቢጎዳ ሁሉም ነገር ያበቃል። እኔ ልጄን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ኳሱን አስተውቼ ሒሳብ ላይ አተኩር አልኩት፤ ዛሬ መሐንዲስ ነው። ልጅህ ጎበዝ ተማሪ ከሆነ ይህን እንደ በረከት ቁጠረው።

የሲያትሏ
ጋሼ፣ ምክሩ መልካም ነው፤ ሰውየው ግን የጠየቀው ሌላ ነው። እኔ በበኩሌ ባለ አራት ኮከብ፣ ባለ አምስት ኮከብ ሲባል መጀመሪያ ስለ ሸራተን አዲስ የምታወሩ መስሎኝ ነበር። 😄 ለማንኛውም እግር ኳስ ከሆነ የወንድሜ ልጅ ግብ ጠባቂ ነበር፣ በጀርመን ክለብ…

የዳላስ ልጅ
እህቴ፣ ይህ በእጅ የሚያዘው ነው፣ የአሜሪካኖቹ ፉትቦል። 😄 አባት፣ አሰልጣኙ ጋ ደወልክ?

ሂዩስተን 77
ወንድሜ፣ አትቆጣኝና ጥያቄህ ከመነሻው ልክ አይደለም። ኮከብ የሚሰጡት 247ስፖርትስ፣ ራይቫልስና ኢኤስፒኤን የሚባሉት የስፖርት ሚዲያዎች ናቸው እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። አሰልጣኞቹ በጁን ሲቀበሉት ባለ ሦስት ኮከብ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የወደዱት በዓይናቸው አይተው ነው። ዛሬ ማታ አራተኛ ቢጨመርለት ነገ ጠዋት ቦታ አይፈጠርለትም። 247ስፖርትስ አምስት ኮከብ የሚሰጠው በየዓመቱ ለ32 ልጆች ገደማ ነው፤ ቁጥሩ የተወሰደው ከኤንኤፍኤል ድራፍት የመጀመሪያ ዙር ነው። አራት ኮከብ የሚያገኙት ጥቂት መቶ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ ሺህ ሕዝብ ሦስትና ሁለት ኮከብ ነው። ለዚህ 3,000 ዶላር የሚጠይቅህ ሰው የልጅህን ሳይሆን የአንተን ጭንቀት ነው የሚሸጠው።

ልጅህ የተጣለበት ምክንያት ሌላ ነው። ዘንድሮ አሰልጣኞች በየቦታው ተቀያይረዋል። አሰልጣኝ ጄምስ ፍራንክሊን በኦክቶበር ከፔን ስቴት ተሰናብቶ በኖቬምበር ቨርጂኒያ ቴክ ሲገባ፣ ለፔን ስቴት ቃል ገብተው የነበሩ ልጆች ተከትለውት ሄዱ። አንዱ ጋ ቦታ ሲጠብ ሌላው ጋ ይከፈታል። በዚያ ላይ የዝውውሩ ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት) ጃንዋሪ 2 ይከፈታል፤ አሰልጣኞቹ ከ18 ዓመት ልጅ ይልቅ 22 ዓመት የሞላውና የተፈተነ ተጫዋች ስለሚመርጡ ለእሱ ቦታ ያስቀራሉ።

ራሌ
ሂዩስተን፣ ኮከብ ዋጋ የለውም ለማለት ከሆነ አልስማማም። እስከ 2024 የውድድር ዘመን ድረስ ከአስር ዓመት በላይ የኮሌጅ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ሁሉ፣ ካስፈረማቸው ልጆች ከግማሽ በላይ አራትና አምስት ኮከብ ያላቸው ነበሩ። ጆርጂያ፣ አላባማ፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ያ ዩኒቨርሲቲ ባለ አራት ኮከቡን የመረጠው አብዶ አይደለም።

ሂዩስተን 77
ዋጋ የለውም አላልኩም። ለቡድን ዋጋ አለው፤ መቶ ልጅ ስትሰበስብ ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ያም ሆኖ እኛ ቴክሳስ የምንኖር እናውቃለን፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2022 ከአገሩ አንደኛ የተባሉትን ልጆች አስፈርሞ በዚያው ዓመት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ለአንድ ልጅ ደግሞ ጭራሽ ትንቢት አይደለም። እዚያው አባት ሰፈር፣ ጉድ ካውንስል ሃይስኩል የተማረው ስቴፎን ዲግስ ባለ አምስት ኮከብ ነበር። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ2015 ለኤንኤፍኤል የተመረጠው በአምስተኛው ዙር፣ 146ኛ ሆኖ ነው። ትልቅ ተጫዋች የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ከኤንኤፍኤል ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ፓትሪክ ማሆምስ ባለ ሦስት ኮከብ ነበር። ሌላው የኤንኤፍኤል ታላቅ ተጫዋች ጆሽ አለን ከሃይስኩል ሲወጣ ከዲቪዥን አንድ (ከላይኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) አንድም ግብዣ አልነበረውም፤ በአንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ኮሌጅ አልፎ ነው ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ የገባው።

የአሽበርን እናት
አባት፣ እህትህ ነኝ። ሁለት ወንድ ልጆች በዚህ መንገድ አሳልፌያለሁ፣ አንዱ ልክ እንደ ልጅህ ተጥሎ ነበር። ምን ቦታ ነው የሚጫወተው? ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ ጂፒኤው ስንት ነው? ሌላ ግብዣስ አለው? ይህን ሳታሳውቀን ማንም ሊረዳህ አይችልም።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። ዲፌንሲቭ ኤንድ (በመከላከያው መስመር ጫፍ የሚቆም) ነው። 6 ጫማ ከ3 ኢንች፣ 225 ፓውንድ። ጂፒኤው 3.4 ነው። በጁን ሌሎቹን ሁሉ እንቢ ብሎ ነበር። አንድ የኤፍሲኤስ (ከትልልቆቹ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው የኮሌጅ ፉትቦል ምድብ) ኮሌጅ ብቻ እስከ ኦክቶበር መልእክት ይልክለት ነበር፤ አክብሮ መለሰላቸው እንጂ ተስፋ አልሰጣቸውም። አሁን ተመልሶ መለመን ያሳፍረዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬያለሁ፤ ለቤተክርስቲያን ሰው ሁሉ የዚያን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስም ነግሬያለሁ።

የአሽበርን እናት
አታፍሩ። በቃል መስማማት ማንንም አያስርም፤ ለዚህ ነው እነሱም የጣሉት፣ ልጅህም ነፃ ነው። አሁን ልጁን ቀስቅሰው። የኤፍሲኤሱን አሰልጣኝ ራሱ ልጁ ይደውልለት፣ አንተ አይደለህም። አሰልጣኞች የአባት ስልክ አይወዱም። የሆነውን እንዳለ ይንገረውና «ረቡዕ ብፈርም ወረቀቱን ትልኩልኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። «እንወድሃለን» እና «እንልካለን» የተለያየ ነገር ነው። በዚያው ሰዓት የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ሃድል በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለውን የዘንድሮውን የጨዋታ ቪዲዮ ለሚያውቃቸው ኮሌጆች ይላክ። ዛሬ ማታ ቃል የገባለት ልጅ የከዳው ኮሌጅም ብዙ ስለሆነ ዲፌንሲቭ ኤንድ የሚፈልግ አይጠፋም።

ያለ ስኮላርሺፕ ና ያሉትን ግን በደንብ አስብበት። ድሮ ቡድኖች ከ120 በላይ ልጅ ይይዙ ነበር። ስለ ኮሌጅ ተጫዋቾች ክፍያ ከተደረገው የዘንድሮው የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ በስምምነቱ የገቡት ኮሌጆች ከ105 በላይ መያዝ አይችሉም። መጀመሪያ የሚቀነሰው ስኮላርሺፕ የሌለው ልጅ ነው፤ አንተ ደግሞ ከሌላ ስቴት የመጣ ተማሪ ሙሉ ክፍያ ትከፍላለህ።

ኤፍሲኤስ ሲባል ደግሞ ፊትህን አታጥቁር። የኛ ሰፈር ልጅ ሚካይል ካማራ እንደ ልጅህ ዲፌንሲቭ ኤንድ ነው። ከስቶን ብሪጅ ሃይስኩል ሲወጣ ጄምስ ማዲሰን ገባ፤ ያኔ ጄምስ ማዲሰን ኤፍሲኤስ ነበር። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ወደ ኢንዲያና ሲሄድ ይዞት ሄደ። ኢንዲያና ዘንድሮ 12 ተጫውቶ 12ቱንም አሸንፏል። የኔን ልጅ በጣሉት ጊዜ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ።

የቶሮንቶው
የትምህርት ቤቱን አሰልጣኝ አነጋግሩ እላለሁ።

የዳላስ ልጅ
ወንድሜ፣ ያንን እኮ እኔ ከሁሉ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። 😄

ጋሽ አሌክሳንድሪያ
ልጁ 3.4 ካለው ደግ ነው። እንግዲያው ከኳሱ በፊት የትምህርቱን ዓይነት ጠይቅልኝ። ኢንጂነሪንግ የሌለበት ኮሌጅ አትፈርም።

ራሌ
ጋሼ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። በተጨማሪ ኤፍሲኤስ ላይ ስኮላርሺፑ ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው፤ በቆየው ደንብ የ63 ሙሉ ስኮላርሺፕ ገንዘብ እስከ 85 ልጅ ይካፈለዋል። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ» ሲሉህ «ስንት ፐርሰንት? ለስንት ዓመት?» በል። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ካልሞላህ ዛሬውኑ ሙላ፣ ቀሪውን ሊሸፍን ይችላል።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ)
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። 3,000 ዶላሩን አልከፈልኩም። ልጁ በሩን ከፍቶ ወጥቶ የአሽበርን እናት የጻፈችውን ራሱ አነበበ። የኤፍሲኤሱ አሰልጣኝ ስልኩን አላነሳም፣ መልእክት ትቶለታል። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ግን አነሳ፤ ጠዋት በአሜሪካ አቆጣጠር 6:30 ትምህርት ቤት እንገናኝ ብሎታል።

የአሽበርን እናት
ጥሩ ነው። ጠዋት መልስ ካልመጣ የኮሌጁን የዲፌንስ መስመር አሰልጣኝ ይሞክር፤ ዋናው አሰልጣኝ በዚህ ሳምንት ስልክ አያነሳም። ረቡዕ ባይሆን የፌብሩዋሪው ፊርማ አለ፣ ፌብሩዋሪ 4 ይጀምራል። የሚፈረመው ወረቀት የገንዘብ ድጋፍ ውል ነው፤ ድሮ ይፈረም የነበረው ሌተር ኦፍ ኢንተንት የሚባለው ሰነድ በ2024 ቀርቷል። ከፈረመ በኋላ ሌሎች ኮሌጆች ሊያነጋግሩት ስለማይችሉ እስከ መጨረሻው መስመር ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

የዳላስ ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት)
አባት፣ ምን ደረሰ? ስልኩን አነሱ?

የሲያትሏ (ረቡዕ፣ ማታ)
እኔም መጥቼ እያየሁ ነው። እናቱ ዳቦውን ደፋች?