ማረሚያ ቤት ገብቼ እንጨት ስራ ላሰለጥን ነው፣ ምን ላይ ላተኩር?

አናጢው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነበር። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የእንጨት ስራ አሰልጣኝ ነኝ፣ አሁን ኮሌጃችን ከዞኑ ማረሚያ ቤት ጋር ተስማምቶ በሳምንት ሶስት ግማሽ ቀን እየገባሁ ታራሚዎችን እንዳሰለጥን ተመድቤያለሁ። ወርክሾፑን ሄጄ አየሁት፣ አንድ አሮጌ ኮምባይንድ ማሽን (መጋዝም መላጊያም በአንድ ላይ ያለው) አለ፣ ሞተሩ ይሰራል ብለውኛል ሲነሳ ግን አላየሁም፣ አራት የስራ ጠረጴዛ፣ ጥቂት መጋዝና መላጊያ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) አንድ ብቻ። ሰልጣኝ ደግሞ 30 ነው የተባልኩት። ካሪኩለሙ ያው ለመደበኛ ተማሪ የምንሰጠው የደረጃ 1 እና 2 ነው። አስተዳደሩ የሚፈልገው አልጋና ቁምሳጥን ተሰርቶ ባዛር ላይ እንዲሸጥ ነው፣ እኔም መጥፎ አልመሰለኝም ነበር፣ ግን አንድ ጓደኛዬ "እነሱ ሲወጡ ቁምሳጥን የሚሰሩበትን ማሽን ማን ሊሰጣቸው ነው?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ውስጥ ያስተማራችሁ ወይ ውስጥ ሆናችሁ የተማራችሁ ካላችሁ ምን ትላላችሁ? ሲኦሲስ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) እዛው ሆነው መመዘን ይችላሉ?

ፒንሳ፦
ወንድም ስራው ደስ ይላል፣ አድካሚም ነው፣ እኔ ብየዳ ነበር የማስተምረው። ከሁሉ በፊት ካሪኩለሙን ቆራርጠው። 30 ሰው ጀምረህ 30 ሰው አትጨርስም፣ ስንፍና እንዳይመስልህ። የቀጠሮ እስረኛ ካለ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ይዛወራል፣ አንዱ የፍርዱን ሁለት ሶስተኛ ጨርሶ በአመክሮ ይወጣል፣ ለአዲስ ዓመት ደግሞ ይቅርታ ይመጣና ጎበዝ ያልካቸው ልጆች በአንድ ቀን እቃቸውን ሰብስበው ውልቅ ይላሉ (ደስ ይላል እኮ፣ ግን ክፍልህ ባዶ ነው)። ስለዚህ ሁለት ሶስት ሳምንቱን በራሱ ያለቀ ነገር አድርገው፣ መላጊያና መሮ መሳል፣ ከዛ ልኬት፣ ከዛ በር መግጠም እያልክ፣ መሀል ላይ የወጣ ሰው የሆነ ሙሉ ነገር ይዞ እንዲወጣ።

ሁለተኛ የእቃ ቆጠራ። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አሰራ፣ የእያንዳንዱን መሳሪያ ቅርፅ በነጭ ቀለም አስምርበት፣ ማታ ላይ አንድ ነጭ ቅርፅ ባዶውን ካየህ ማንም ሳይወጣ ታውቃለህ። እኛ ጋ አንድ ፒንሳ ጠፋ ተብሎ ሁሉም ተፈትሾ ፒንሳው ከቁርጥራጭ ብረት በርሜል ስር ተገኘ፣ ቢሆንም ያን ሳምንት ወርክሾፑ ተዘግቶ ከረመ። ሌላው ሰዓት ነው፣ የታራሚ ቆጠራ ሲደርስ ሁሉም ወደየማደሪያው ነው፣ ቆጠራ ደግሞ ኮላ እስኪደርቅ አይጠብቅም። ማጣበቅ ያለበትን ስራ ሁሌ መጀመሪያ ላይ አድርገው።

ሰጋቱራ፦
እኔ ውስጥ ሆኜ ነው እንጨት የተማርኩት፣ የት እንደሆነ ይለፈን። ጓደኛህ እውነቱን ነው። አልጋ ሰርተናል ቁምሳጥን ሰርተናል የቢሮ ጠረጴዛም ሰርተናል፣ ግን ጣውላው በስንት እንደተገዛ እቃው በስንት እንደተሸጠ አንድም ቀን አልሰማንም። ስወጣ መላግ እችላለሁ፣ መጋጠሚያ እሰራለሁ፣ ሰው መጥቶ "በር በስንት ትሰራልኛለህ?" ሲለኝ ግን አፌ ተያያዘ። ስለዚህ እባክህ ዋጋ ማውጣት አስተምራቸው። ስንት ሜትር ሞራሌ ይገባል፣ ብክነቱ ስንት ነው፣ ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ የጋሪ፣ ከዛ የራስህ የቀን አበል፣ ቀብድ ስንት ትቀበላለህ። ይሄን በደብተር ላይ መስራት ማሽንም መብራትም አይፈልግም፣ መብራት የጠፋ ቀን ይሄን ስሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው አሻራ ነው። ደህና ድርጅት ሲቀጥር ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ይጠይቃል። አንድ ፈርኒቸር ቤት ሰርቼ አሳይቼው ወዶልኝ "ነገ አሻራህን ይዘህ ና" አለኝ፣ በነገታው አልሄድኩም። ለብዙዎቻችን መንገዱ የራስ ስራ ነው፣ ያውም ቦርሳ ውስጥ በሚገባ እቃ። እኔ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሶስት መሮ፣ መዶሻ፣ ሜትርና ስኳድራ ይዤ ነው የጀመርኩት፣ እሱንም አክስቴ ናት የገዛችልኝ። በእግሬ ያቆመኝ ክረምት ነው ብልህ ታምናለህ? ዝናብ ሲበዛ የእንጨት በር ያብጣል አይዘጋም፣ አውርደህ ጠርዙን ትልጋለህ ማጠፊያውን መልሰህ ታስራለህ፣ ሰፈሩ በሙሉ ደንበኛ ሆነ። ቁልፍ መቀየር፣ የተሰበረ ወንበር፣ የወለቀ የኪችን ካቢኔት በር። ውስጥ እያለሁ ይሄን ያስተማረኝ የለም፣ ሁሉም አዲስ እቃ መስራት ነበር።

እቴ_ሸዋ፦
ሁላችሁም ስለ ወንዶቹ ነው የምታወሩት 🙂 አናጢው፣ ሴቶቹንስ ታስገባለህ? የሴቶች ግቢ ለብቻ ስለሆነ ወርክሾፑ ሁሌ ወንዶቹ ጋ ነው የሚሆነው፣ ለሴቶቹ የሚቀረው ጥልፍና ኪሮሽ ነው። እኔ በበጎ ፈቃድ እየገባሁ አያቸዋለሁ፣ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን መቶ ሴት አንድ አይነት የአልጋ ልብስ ከሰራች ማን ይገዛዋል፣ ክሩንም የሚያመጣው ጠያቂ ያለው ነው፣ ስንቶቹን ከታሰሩ በኋላ ቤተሰብ ዞር ብሎ አላያቸውም። ልጅ ይዘው የታሰሩም አሉ፣ ሙሉ ቀን ስልጠና ብትላቸው አይሆንላቸውም። ካንተ ሙያ የሚስማማው ሶፋ ማልበስና ቀለም ቅብ ይመስለኛል። ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ መቀስ፣ ስቴፕለር ነው፣ ወንዶቹ የሰሩት የሶፋ ፍሬም ወደ ሴቶቹ ግቢ ቢሄድና እነሱ ቢያለብሱት ሁለቱም ይማራሉ። መቀሱ ላይ ፈቃድ አስቀድመህ ጨርስ፣ እሱ ነው የሚያስቸግርህ።

መዛኝ፦
በሲኦሲ ጥያቄህ ልምጣ። መዛኝ ሆኜ ማረሚያ ቤት ገብቼ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ይቻላል። ያሰለጠነ ሰው ራሱ አይመዝንም፣ ስለዚህ አንተ ሳትሆን ኮሌጅህ ነው ከምዘና ማዕከሉ ጋር በደብዳቤ የሚጨርሰው። ቶሎ ጀምሩት፣ መጨረሻ ላይ የምትሯሯጡ ከሆነ ግማሹ ሰልጣኝ ወጥቶ ይጠብቃችኋል። ወርክሾፑ ለተግባር ምዘናው የሚጠየቀው እቃ እንዲኖረው ያስፈልጋል፣ አንድ ስኳድራ ለ30 ሰው አይሆንም። ውጤቱ "ብቁ" ወይ "ገና ብቁ ያልሆነ" ነው፣ ያላለፈው ድጋሚ ይመዘናል፣ ይሄን ቀድመህ ንገራቸው ምክንያቱም እዛ ያለ ሰው ፈተና ሲወድቅ እንደ ሌላ ፍርድ ነው የሚያየው። ሰርተፍኬቱ ደግሞ ምዘናውን በሰጠው አካል ስም ስለሆነ "የት ታስረህ ነበር" የሚያስብል አይሆንም። ከማረሚያ ቤቱ የሚሰጠውን የተሳትፎ ወረቀት ግን ሰው ለቀጣሪ ማሳየት ያፍራል፣ አልፈርድባቸውም።

ስለ ገንዘቡ ሰጋቱራ ያነሳው ቀላል ነገር አይደለም። በተባበሩት መንግስታት በ2015 እ.ኤ.አ. የፀደቀው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች የሚባለው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ ደንብ 103 ላይ ታራሚ ለሰራው ስራ ተገቢ ክፍያ እንዲያገኝ፣ ከዛም የተወሰነው ተቀምጦ ሲወጣ እንዲሰጠው ይላል። ባዛር ከተዘጋጀ አይቀር ይሄን ከአስተዳደሩ ጋር ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት። ሰውዬው ሲወጣ ማይክሮፋይናንስ ቢሄድ ዋስ ነው የሚባለው፣ ከእስር ለወጣ ሰው ማን ዋስ ይሆናል?

ባለወርክሾፕ፦
እኔ ፈርኒቸር ቤት አለኝ፣ ከእስር የወጡ ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ፣ አሻራ አልጠየቅኩም (ሰጋቱራ ሁሉም ቀጣሪ አንድ አይነት አይደለም ወንድሜ)። ቁምሳጥን ተው የሚለውን ግን አልስማማም። እኔ ጋ የሚመጣ ልጅ በር ማቃናት ብቻ ቢችል ምን አደርገዋለሁ? አሁን ስራው ኤምዲኤፍና ችፑድ (ተጨምቆ የሚሰራ የፋብሪካ እንጨት) ነው፣ ቆርጦ ጠርዙን ማልበስ፣ ማጠፊያ በልኩ መቦርቦር፣ መሳቢያ ሳይነቀነቅ ማስገባት። ዋንዛ የሚያሰራ ደንበኛ ስንት አለ? ውስጥ የሚማሩት ግን አሁንም ወፍራም እንጨት ነው፣ ልጁ ኤምዲኤፍ ይዞ ሲመጣ ዊንጣውን ጠርዝ ላይ አስገብቶ ይሰነጥቀዋል። እና ደህንነት፣ ለእግዜር ብለህ ሰርኩላሩ (ክብ መጋዙ) ላይ መግፊያ እንጨት ካልያዘ እንዳይነካ አድርገህ አስለምደው፣ ጣት የሌለው አናጢ በዝቷል።

ሰጋቱራ፦
@ባለወርክሾፕ ያንተ አይነት ቢበዛማ ጥሩ ነበር። ግን 30ውም አንተ ጋ አይገቡም፣ አብዛኛው ገጠር ነው የሚመለሰው፣ እዛ ኤምዲኤፍ የለም፣ የበር የመስኮት ስራ ነው ያለው፣ ባህር ዛፍ ነው።

አናጢው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በጣም። እንግዲህ መጀመሪያ የት እንደሚመለሱ አንድ በአንድ ልጠይቃቸውና ገጠር የሚገባውንና ከተማ የሚቀረውን በሁለት ልከፍል ነው፣ መሳል፣ ልኬትና ዋጋ ማውጣት ለሁሉም፣ ከዛ አንዱ በርና መስኮት ከጥገና ጋር፣ ሌላው ኤምዲኤፍ። የሶፋውን ሀሳብ ለሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ሰኞ አቀርበዋለሁ። የሲኦሲውን ደብዳቤ ነገ ዲኑ ጋ አስገባለሁ። ማሽኑ ግን አሁንም አሳስቦኛል፣ ወርክሾፑ ውስጥ ያየሁት ሶኬት ተራ የቤት ሶኬት ነው።

ፒንሳ፦
ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ብረት አንብባት፣ 380 ቮልት ካለ ሶስት ፌዝ ነው፣ በዛ ሶኬት አይነሳም። መስመር ለማስገባት ከመብራት ኃይል ጋር ወራት ነው የሚፈጀው፣ በሱ ተስፋ አድርገህ ፕሮግራም እንዳታወጣ።