ሮሃ ባንድ ድምፁን ሲቀይር አድማጩ ለምን ተቀየመ?

ጥያቄ፦ የካሴት ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ከቤታችን ክርክር የተነሳ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። አባቴ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የሚያውቀው በ1975 በአይቤክስ ባንድ አጃቢነት ከተቀረጸው ሸክላ ሲሆን፣ እኔ ግን ያደግሁት በሰማንያዎቹ የሮሃ ባንድ ካሴቶች ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየተጠጣ ከእኔ ካሴቶች አንዱን ከፍቼ ሳለ አባቴ «ሮሃ ሲመጣ ሙዚቃችን ትንፋሽ አጣ» አለ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ መቀነሳቸውንም፣ ሙዚቃው መሞቱንም በአንድ ቃል መናገሩ ነበር።

የገረመኝ አይቤክስና ሮሃ የተለያዩ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታሩ፣ ሰላም ሥዩም በሊድ ጊታሩ፣ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ከተሻገሩት መካከል ናቸው። አባቴ እነዚሁ ሰዎች በአንደኛው ስም ሲጫወቱ ያመሰግናቸዋል፣ በሌላኛው ስም ሲጫወቱ ይወቅሳቸዋል። ታዲያ ቅሬታው በእርግጥ ስለ ድምፁ ነው፣ ወይስ ስለ አባቴ ወጣትነት? ባለሙያዎቹስ ወደው ነው የቀየሩት፣ ወይስ ተገደው? ከመድረኩ ቅርብ የነበራችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ ሳክስፎን ነፊው

ልጄ፣ አባትሽን ባላውቃቸውም ያሉትን በደንብ እረዳለሁ፤ በዚያ ዘመን በአንድ የአዲስ አበባ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቴነር ሳክስፎን እነፋ ነበርና። ነገር ግን ጥፋቱን በባለሙያዎቹ ላይ መጣላቸው አይዋጥልኝም።

ንጉሡ በ1974 ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ሰዓት እላፊ ለዓመታት ሲዘልቅ የምሽት ክበብ ኑሮ ተለወጠ። ደንበኛው ወይ በጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ወይ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ አብሮን ያድራል። እስኪነጋ ከሚያድረው ጋር ሌሊቱን ሙሉ መንፋት ምን እንደሆነ ከንፈሬ ያውቀዋል፤ ጊታሪስቱ ጣቱ ሲደክመው እጁን ያሳርፋል፣ ኪቦርዱም አይደክምም፣ እኛ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ የምናወጣው ድምፅ ለእኛም ያሳፍረን ነበር። በዚህ ላይ ሁለት ትራምፔት፣ ሁለት ሳክስፎንና አንድ ትሮምቦን ማለት አምስት ደመወዝ ማለት ነው። የእኛ ሆቴል ኃላፊ አንድ ቀን ጠርቶን «ይህን ሁሉ እናንተ የምትነፉትን አንድ ሰው በአሥር ጣቱ ያመጣዋል» ብሎ ሁለታችንን አሰናበተን። በጊዜው በጣም ተቆጥቼ ነበር፤ ሒሳቡ ግን ትክክል ነበር።

ሌላው ጉዳይ ካሴት ነው። የሸክላው ኅትመት እየቀረ ካሴቱ ሲተካው ሥራው ርካሽም ፈጣንም ሆነ፤ ዘፋኞችም ተራቸውን እየጠበቁ ወደ አንድ ሁለት የታወቁ አጃቢ ባንዶች ጎረፉ። ለአምስት ትንፋሽ ተጫዋቾች ቅንብር ለመጻፍ፣ ለማለማመድና አንድ ላይ ለመቅረጽ የሚወስደውን ጊዜ አስቢው። ዳዊት ይፍሩን የመሰለ ኪቦርዲስት ከዘፋኙ ጋር ቁጭ ብሎ ዜማውን ሰምቶ፣ መግቢያውንም መሐል መቀበያውንም እዚያው ያበጅለታል።

አንድ ነገር ግን ላርም፤ ሮሃ ትንፋሽን ጨርሶ አልጣለም። የፈቃደ አምደመስቀል ሳክስፎን በብዙዎቹ ሥራዎች ላይ አለ። የተቀየረው ቦታው ነው፤ ቀድሞ ትንፋሾቹ እንደ ዘማሪ ማኅበር ሆነው ዘፋኙን ይቀበሉት ነበር፣ በኋላ አንድ ሳክስፎን ብቻውን እንደ እንግዳ ገብቶ ተጫውቶ የሚወጣ ሆነ።

መልስ 2፦ ከዋሽንግተን

ለጠያቂዋም ለጋሼም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጋሼን ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ድህነትና ሰዓት እላፊ ሁሉንም ያብራራሉ ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም ማንም ሳያስገድዳቸው ወደ ኪቦርድ የሄዱ ነበሩ።

የዋሊያስ ባንድን ታሪክ ተመልከቱ። በ1977 ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያና ዋሊያስ «ቸ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ቅንብር ሲያወጡ ሙላቱ አስታጥቄም አብሯቸው ነበር፤ ዛሬ በየአገሩ የሚጠቀሰው «ሙዚቃዊ ስልት»፣ ግርማ በየነ የደረሰው፣ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ዋሊያሶች በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አሜሪካን ሲጎበኙ ከአባላቱ የተወሰኑት፣ ኃይሉን ጨምሮ፣ እዚሁ ቀሩ። በ1985 ኃይሉ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር ቀረጸ። የልጅነቱን መሣሪያ አኮርዲዮንን በአዲስ ማሽን ላይ ማስቀመጡ የእሱ የራሱ ምርጫ ነበር። በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን አካባቢ የነበረው የእኛ ማኅበረሰብ ለሠርጉም ለበዓሉም የሚፈልገው የለመደውን የባንድ ድምፅ ነበርና ካሴቱ ያን ያህል አልተነገረለትም። ኃይሉም በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ በመኪናው ውስጥ ባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።

ከዚያ በ2013 ያው ቅጂ በአሜሪካ እንደገና ታተመና፣ አንድም ቃል አማርኛ የማይሰሙ ወጣቶች ያበዱበት ጀመር። እነዚህ አድማጮች «ሙዚቃው ትንፋሽ አጣ» አላሉም፤ ለእነሱ የሪትም ማሽኑ ራሱ ጥንታዊና የሚናፈቅ ነገር ነው። በ2018 አዲሱ አልበሙ «ላላ በሉ» ሲወጣም አዳራሽ ሞልተው ጠበቁት። ስለዚህ ለእመቤቴ ጥያቄ የእኔ መልስ፣ ጆሮ መጀመሪያ ያገኘውን «እውነተኛው» ብሎ ይመዘግባል የሚል ነው። አባትዎ በሸክላ፣ እርስዎ በካሴት፣ እነዚያ ወጣቶች ደግሞ በኢንተርኔት።

መልስ 3፦ ቅኝት መርማሪ

የተከበሩ ጸሐፊዎችን አንብቤ ሁለታችሁም ለአባትዬው አንድ ነገር እንደነፈጋችሁ ተሰማኝ። ቅሬታቸውን አንዱ በደመወዝ፣ ሌላው በልማድ አብራራው፤ ስለ ድምፁ ራሱ ግን አልተነጋገራችሁም።

በአንድ በኩል፣ የትንፋሽ መሣሪያው ራሱ በአንድ ወቅት መጤ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የንጉሣዊው የማርሽ ባንድ ሆኑ፤ ኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ለቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ቅንብር ሲሠራ ዘመናዊው ድምፅ መልክ ያዘ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያን አስፋፉ። ማሲንቆና ክራር ይሰማ ለነበረ ሽማግሌ ትሮምቦን የወታደር ጫጫታ መስሎ ተሰምቶት ቢሆን አይፈረድበትም፤ አባትዬው የሚሟገቱለት «ጥንታዊ» ድምፅም ዕድሜው ከአንድ የሰው ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

በሌላ በኩል ግን የሰሙት መጉደል እውነት ነው። ትዝታ ሲዘፈን ድምፃዊው ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው በቀጥታ አይረግጥም፤ ይንሸራተታል፣ ይሰብረዋል፣ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ይጀምርና ከፍ ያደርገዋል። ማሲንቆ ይህንን በጣት ያደርገዋል፤ ሳክስፎን ነፊም በከንፈሩና በትንፋሹ ዘፋኙን ተከትሎ ኖታውን ማጎንበስ ይችላል። ኪቦርድ ግን፣ ኖታ ማጎንበሻ መንኮራኩር ከሌለው ወይም ካልተነካ፣ የተቆረጠ ደረጃ ነው፤ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ መሐል ምንም የለም። በአንቺ ሆዬ ቅኝት፣ ኖታዎቹ በሚቀራረቡበት ቦታ፣ ልዩነቱ ለማንም ይሰማል። ለትዝታው እረፍት ሊሆን ከኋላ የተዘረጋው የሲንተሳይዘር ምንጣፍም ዘፋኙ ሊሰብረው የሚፈልገውን ኖታ አስቀድሞ አቅንቶ ይጠብቀዋል። ይህ ናፍቆት አይደለም፤ በጆሮ የሚለካ ነገር ነው።

ደግሞ ሮሃ በጎበዝነቱ ተጎዳ። አንድ ባንድ ለአንድ ዘፋኝ ሲያጅብ ድምፁ የዘፋኙ መለያ ይሆናል፤ አንድ ባንድ ለአገሩ ዘፋኝ ሁሉ ሲያጅብ ግን በታክሲም በምግብ ቤትም በሠርግም ያው መግቢያ፣ ያው የኪቦርድ ቀለም፣ ያው የችክችካ ምት ይመጣል። አድማጩ የሰለቸው ድግግሞሹን ሆኖ ሳለ ጥፋቱን ለመሣሪያው ይሰጠዋል። አባትዬው ከሮሃ አንድ ካሴት ብቻ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይወዱት ነበር።

መልስ 4፦ ሳክስፎን ነፊው

ስለ ኖታ ማጎንበሱ የተባለው ልክ ነው፤ እኔም ከሥራ ስባረር ይህን ለኃላፊው ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ግን ወንድሜ፣ ስለ ትንፋሾቹ አብዝተው አሞካሹን። አምስታችን አንድ ላይ ስንነፋ ማንም ብቻውን ማጎንበስ አይችልም፤ አንዱ ዝቅ ካለ ሌላው ከፍ ብሎ ይቀራል፣ የሚወጣውም የአህያ ጩኸት ነው። በኅብረት የምንጫወተው በጽሑፍ ስለሆነ ልክ እንደ ኪቦርዱ ቀጥ ብለን ነበር። የሚሉት ነገር የሚገኘው አንዱ ነፊ ብቻውን ሲወጣ ነው፤ ያ ደግሞ በሮሃ ካሴቶች ላይ አለ፣ እንዲያውም ሌሎቹ ስለሌሉ ለሳክስፎኑ ቦታው ሰፍቶለታል። በትዝታ ጉዳይ ፈቃደን ከኦርኬስትራው ዘመን አብልጬ በሮሃ ነው የምሰማው።

ጠያቂዋ፦ የካሴት ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋሼን የመጨረሻ መልስ ካነበብኩ በኋላ ስሙን ሳልነግረው ሳክስፎን የሚጎላበት አንድ የሮሃ ካሴት ለአባቴ ከፈትኩለት። ስኒውን እንደያዘ ዝም ብሎ አዳመጠና «ይሄ መቼም አይቤክስ ነው» አለ። ሮሃ እንደሆነ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ካሰበ በኋላ «እንግዲያስ ገና ያልተበላሹ ጊዜ የተቀረጸ ነው» ብሎ መለሰልኝ። በካሴቱ ልባስ ላይ ዓመት ስላልተጻፈበት ልከራከረው አልቻልኩም፤ ከእናንተ መሐል የሮሃን ካሴቶች በየዓመታቸው የሚያውቅ ካለ ቢጽፍልኝ እሑድን እጠብቃለሁ።